ክርክር፦ የአዛውንት ኦፕራሲዮን በግምት ቁጥር ይወሰን?

አወያይ፦ ሐኪሞች የታማሚውን ዕድሜ፣ ያለበትን በሽታና የኦፕራሲዮኑን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ አስገብተው «ችግር የመፈጠር ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚል ቁጥር ያወጣሉ። በእኛ አገር አዛውንቶች ላይ ይሠራበት ትላላችሁ?

የአባቷ ልጅ፦ እቃወማለሁ። አባቴ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር «81 ዓመታቸው ነው፣ አይችሉትም፣ ቤት ውሰዷቸው» ተባልን። ከዚያ በፊት በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይመላለሱ እንደነበር የጠየቀን የለም። አሁን ደግሞ ያው ፍርድ በኮምፒውተር ሊታተም ነው።

ሰመመን ሰጪ፦ እህቴ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን አባትሽን የመለሳቸው ዕድሜን ብቻ ያየ ሰው ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአቅም መለኪያ ኮምፒውተርም አያስፈልገው፤ ከመታመማቸው በፊት ራሳቸው ይታጠቡ ነበር? ብቻቸውን ይወጡ ነበር? ብሎ ይጠይቃል። በ65 ዓመቱ ከአልጋ የማይነሳ አለ፣ በ81 ደግሞ እንደ አባትሽ ያለ ብርቱ። የተሰበረ ዳሌ ሳይሠራ ቀርቶ ሰው ሲተኛ የሳንባ ምች፣ የአልጋ ቁስልና የደም መርጋት ይከተላል። ይህ አደጋ ግን የትኛውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የሕክምና ተማሪ፦ የትኛው መለኪያ ነው ጥያቄው። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የአደጋ መተመኛ መጀመሪያ ሲወጣ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎች መረጃ ላይ የቆመ ነበር፤ ሆስፒታሎቹ ግን የእነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የ25 የአፍሪካ አገሮች ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከዓለም አማካይ እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ያውም ታካሚዎቹ በዕድሜ ወጣት ሆነው። የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ ብንወስድ አደጋውን አሳንሶ ሊነግረን ይችላል።

የዋርድ ነርስ፦ የራሳችንም ቢሠራ ብቻውን አያድንም። እዚያው ጥናት ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። ቀጥሎም በአፍሪካ ሆስፒታሎች አደጋ ያለባቸውን በነጥብ ለይቶ በቅርብ መከታተል ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት ሞትንና ከባድ ችግሮችን እንዳልቀነሰ አሳየ። ሌሊት ዋርዱን የያዘ ሰው ይህ አይገርመውም። ትናንት ደህና ሲጫወቱ ያመሹ እናት ድንገት ልጃቸውን አላውቅህም ሲሉ «እርጅና ነው» ይባላል፤ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም የሽንት መታገድ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድሞ የሚያየው አስታማሚው ነው፤ ምን ሲያይ እንደሚጠራን ግን የሚነግረው የለም። ነጥቡ ከፍ ያለ ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ አስታማሚው ይሠልጥን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እዚህ ሐኪሙ ቁጥሩን በአስተርጓሚ ለእናቴ ለራሳቸው ነገራቸው። እኛ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ልንደብቅ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ግን ስለ ሞት ሳይሆን «ከዚያ በኋላ የሰው እጅ ሳልጠብቅ እኖራለሁ ወይ?» ነበር። የተነገራቸው ቁጥር ግን ይህን አልመለሰላቸውም።

የአባቷ ልጅ፦ የነርሷንም የእናትሽንም እቀበላለሁ። ተቃውሞዬን ግን አላነሳም። ቁጥር ከወጣ ለአባቴ ለራሳቸው ይነገር፤ ምን ተጠይቆ እንደወጣ ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። የሚመልሳቸውም ሐኪም ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም።