በእጅ ሲያዝ የሚደክም አንቴና፦ ከቨር ይበቃል ወይስ ሕግ ያስፈልጋል?

አወያይ
የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው። ስልክ በእጅ ተይዞ ሳለ አንቴናው ምን ያህል እንደሚሠራ አምራቹ ለገዢው በቁጥር እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደድ? ወይስ ገበያው ራሱ ይቅጣው?

ነገሩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልበል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አፕል አይፎን 4ን ገበያ ላይ ያዋለው ጁን 24 ቀን 2010 ነው። በስልኩ ዙሪያ ያለው የብረት ቀበቶ አንቴናም ጭምር ነበር። ታች በግራ በኩል ቀበቶውን የሚከፍል ቀጭን ክፍተት አለ። መዳፍ እዚያ ላይ ሲያርፍ ኔትወርኩ ቁልቁል ይወርዳል። ደንበኛ በኢሜይል ሲያማርር ከያኔው የአፕል ዋና ሥራ አስኪያጅ ከስቲቭ ጆብስ የመጣው መልስ «እንደዚያ አትያዘው» የሚል ነበር። ጁላይ 2 ኩባንያው በደብዳቤ ጥፋቱን ስክሪኑ ላይ በሚታዩት የሲግናል መስመሮች ስሌት ላይ አሳበበ። ጁላይ 12 ከንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት «ይህን ስልክ ግዙ ማለት አልችልም» አለ። ጁላይ 16 ጆብስ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ለሁሉም ነፃ ከቨር እንደሚሰጥ ተናገረ። በቃ፣ መድረኩ የእናንተ ነው። ስድብ አይፈቀድም።

ናሆም
እኔ ሕግ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አወያዩ የጻፈውን ቀን ቁጠሩት እስቲ። ስልኩ ከወጣ አንስቶ ነፃ ከቨር እሰጣለሁ እስኪባል ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የትኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው በሦስት ሳምንት ውሳኔ የሚሰጠው? የሠራው አንድ የሸማቾች መጽሔትና የተቆጣ ገዢ ነው።

ደግሞ ጉዳዩ ከመጠን በላይ ተጋኗል። በጁላይ 16ቱ መግለጫ ላይ አፕል ያቀረበው ቁጥር እነሆ፦ ስለ አንቴናው ደውሎ ያማረረው ከገዢዎች 0.55 በመቶ ብቻ ነው። ስልኩን የመለሰው 1.7 በመቶ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን 3ጂኤስ ግን 6 በመቶ መልሰውት ነበር። የሚቋረጠው ጥሪም ከ3ጂኤስ ጋር ሲተያይ ከመቶው ጥሪ በአንድ እንኳ አልበለጠም። ሰው ወዶ ነው የያዘው።

ሚሚ
ናሆሜ፣ ቁጥሮቹን ያወጣው ማን ነው? ራሱ ተከሳሹ! 😂

ናሆም
ውሸት ናቸው ካልሽ ማስረጃ አምጪ።

ሚሚ
ውሸት አላልኩም። እኔ ስልኬ ሲበላሽ ለኩባንያ ደውዬ አላውቅም፣ ነው ያልኩት። ስንቶቻችን እንደውላለን? አብዛኛው ሰው ኔትወርኩን ነው የሚሰድበው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነዋል» ብሎ መስኮት ጋ ይሄዳል።

ጋሽ መላኩ
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮ ሥራ ላይ ነው የኖርኩት። ክርክሩ ከመጦፉ በፊት ስለ ብረቱ እናውራ።

አንቴና ርዝመቱ ከሚቀበለው ሞገድ ጋር ተለክቶ የተቃኘ ብረት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ አንድ ሞገድ 33 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ሩቡ 8 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ያ ነው ስልክ ላይ የሚገጥመው። አሁን እጅ መጣ እንበል። ሰውነታችን አብዛኛው ጨው ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ሞገዱን ይመጠዋል። ይሄ ከየትኛውም ስልክ አይቀርም። ሁለተኛ፣ አንቴናውን ከቅኝቱ ያስወጣዋል። አይፎን 4 ላይ የባሰው ይሄኛው ነው። ብረቱ ራቁቱን ውጭ ስላለ ቆዳ በቀጥታ ይነካዋል፤ ክፍተቱም በመዳፍ ይደፈናል።

አናንድቴክ የሚባለው የቴክኖሎጂ መጽሔት ያኔ ለክቶት ነበር። አይፎን 4 እንደወትሮው በእጅ ሲያዝ ሲግናሉ 20 ዲሲቤል ያህል ወረደ። 3ጂኤስ በዚያው አያያዝ የወረደው 2 ዲሲቤል ገደማ ነው። 20 ዲሲቤል ማለት ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ «ሁሉም ስልክ እንዲህ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

ናሆም
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ የዚያኑ ጽሑፍ ቀሪውንም ይጥቀሱልን እንጂ። ሲግናል በጣም ደካማ በሆነበት ቦታ አይፎን 4 ከ3ጂኤስ የተሻለ ጥሪ ይይዛል ብሏል እኮ። አንቴናውን ወደ ውጭ ማውጣታቸው ሞኝነት አልነበረም።

ጋሽ መላኩ
ልክ ነህ፣ ብሏል። እኔም መሐንዲሶቹን ሞኝ አላልኩም። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግሩም አንቴና ነው። ችግሩ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይወራበትም። ሁለቱም ቁጥር ካርቶኑ ላይ ቢኖር ኖሮ ገዢው ራሱ ይመርጥ ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው «ግዴለም፣ ይሻለኛል» ብሎ ይገዛዋል። ግራኙ ይተወዋል።

ሄለን
እኔን ከአንቴናው በላይ የሚያናድደኝ የጁላይ 2ቱ ደብዳቤ ነው። ሰው «ሲግናሌ ወረደ» ይላል። ኩባንያው «የለም፣ ድሮም አልነበረህም፤ መስመሮቹን የምናሰላበት ቀመር ስህተት ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ ሁለት መስመር አብዝተን ስናሳይህ ኖረናል» ይላል። ስህተቱ ከመጀመሪያው አይፎን ጀምሮ የነበረ መሆኑንም ራሳቸው ጽፈዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በድሮው ስሌት ስልኩ ከ-51 እስከ -91 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል) ድረስ ያለውን ሁሉ አምስት መስመር አድርጎ ያሳይ ነበር። አራቱ፣ ሦስቱ፣ ሁለቱና አንዱ ከዚያ በታች በቀረችው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀዋል። አንዱ ሰው -60 ላይ ሆኖ ስልኩን ጨብጦ 20 ዲሲቤል ቢያጣ -80 ይደርሳል። መስመሩ አሁንም አምስት ነው፤ ምንም አላየም። ሌላው -90 ላይ ሆኖ ያንኑ 20 ቢያጣ -110 ላይ ነው። ከአምስት ወደ አንድ ዱብ! የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛውን «ውሸታም» ይለዋል። ያን ጊዜ የነበረው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሚዛኑ የሻጩ፣ ሥጋው የሻጩ፣ ድንጋዩም የሻጩ ነው። ሕግ የምለው ለዚህ ነው። አንቴና ሲያበላሹ ለመቅጣት አይደለም፤ መለኪያው ከእጃቸው እንዲወጣ ነው።

ናሆም
ግን አስተካከሉት! ጁላይ 15 በወጣው 4.0.1 ሶፍትዌር ስሌቱ ተቀየረ።

ሄለን
አዎ፣ መስመሩን አስተካከሉት። አንቴናው ግን ያው ነው። የተለየ አንቴና የመጣው በ2011 መጀመሪያ ለአሜሪካው ኔትወርክ አቅራቢ ለቬራይዘን በወጣው ሞዴል ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው 4ኤስ ላይ ደግሞ ስልኩ በሁለት አንቴናዎች መካከል እንዲቀያየር ተደረገ። እንግዲህ «ችግር የለም» የተባለው ነገር መፍትሔ ተሠራለት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ምን አገኙ? ያን ነፃ ከቨር፣ በፊት 29 ዶላር ይሸጥ የነበረ የጎማ ቀበቶ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ ክስ ተመሥርቶ በ2012 በስምምነት አለቀ። ወይ 15 ዶላር ወይ ከቨር።

ሚሚ
15 ዶላር! ሁለት ዓመት «ሃሎ? ሃሎ? ትሰማኛለህ?» ላልንበት 💀

ጠጋኙ
ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ስልክ ሲከፈት ዳር ዳሩን ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። ከሰሌዳው ተነሥተው ፍሬሙን በስሱ ይነካሉ፣ እንደ ሞላ ተጭነው። ሲግናሉ ከፍሬሙ ወደ ሰሌዳው የሚያልፈው በእነሱ ነው። አንዷ ብትጣመም ወይም የጣት ቅባት ቢይዛት ኔትወርኩ ይወርዳል። ከውጭ ስታየው ስልኩ አዲስ ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ስክሪን ብቻ ነው ያስቀየርኩት» ይላል። ስክሪን የቀየረው ልጅ አንዲት ብሎን ዘንግቶ ይሆናል። ያቺ ብሎን ግን መያዣ ብቻ አልነበረችም፣ ግራውንድም ነበረች።

ስለዚህ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ቁጥር ሌላ፣ እኔ ጋ ሲመጣ ያለው ሌላ። ሕጉ ይምጣ፣ አልጠላም። ግን ሰው ቁጥሩን ይዞ መጥቶ እኔን እንዳይከሰኝ 😅

ናሆም
ወንድሜ ጠጋኙ ትልቅ ነገር ተናገረ። ልቀጥልበት። የማን እጅ ነው የሚለካው? ደረቅ እጅ? ላብ ያለው? የሕፃን? ቁጥር በሕግ ካስገደድክ አምራቹ ስልኩን ለፈተናው ይሠራል። ለሰው አይሠራም። የነዳጅ ፍጆታ ላይ የመኪና ኩባንያዎች ምን እንዳደረጉ ሁላችንም አይተናል።

ጋሽ መላኩ
እጁማ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያገለግል የሰው እጅና ጭንቅላት ቅርጽ ተሠርቶ ከቆየ ሰንብቷል፤ ሞገድን እንደ ሥጋ እንዲመጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲቲአይኤ የተባለው የአሜሪካ የሽቦ አልባ ኢንዱስትሪ ማኅበር የፈተና ደንብም አለው። ኔትወርክ አቅራቢዎች ስልክ ከመቀበላቸው በፊት ውጤቱን ይጠይቃሉ። ዴንማርክ ውስጥ የአልቦርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 26 ስልኮችን ለክቶ ውጤቱን ለሕዝብ አውጥቷል። በስልክና በስልክ መካከል ብቻ ሳይሆን በቀኝ እጅና በግራ እጅ መካከልም ትልቅ ልዩነት ተገኝቷል። እንግዲህ ፈተናው አዲስ ሸክም አይደለም። ቁጥሩ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የማያየው ገዢው ብቻ ነው።

ሄለን
ጋሼ ጨረሱልኝ። ልጨምርበት።

ከስልክ የሚወጣው ጨረር ወደ ሰውነት ምን ያህል እንደሚገባ በሕግ ይለካል፣ ይታተማልም። አውሮፓ ውስጥ ለእጅና ለእግር ገደቡ በኪሎ 4 ዋት ነው። በሴፕቴምበር 2023 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ አይፎን 12ን ለክቶ 5.74 አገኘ። ሽያጩን አስቆመ። አፕል «የመለኪያ ዘዴው ነው እንጂ ስልኩ ደኅና ነው» አለ፤ ግን ለፈረንሳይ ሶፍትዌር አዘጋጅቶ ላከ። ልብ በሉ፣ ክርክሩን አልተወም፣ ማስተካከያውንም አላስቀረም። ተቆጣጣሪ የራሱ መለኪያ ሲኖረው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስልኮች ላይ መለያ እንዲለጠፍ አስገድዷል። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሲወድቅ ይሰበራል ወይ፣ ለመጠገን ይመቻል ወይ፣ ሁሉም አለበት። ስልክ እንደ ስልክ ይሠራል ወይ የሚለው ግን የለም!

ሚሚ
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቲሸርት ላይ አሳትሙልኝ።

ናሆም
የፈረንሳዩ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚያደላው። ያ የጤና ጉዳይ ነው፣ ሕግ ይግባበት። ጥሪ መቆረጥ ግን የጥራት ጉዳይ ነው። ካሜራው ደብዛዛ የሆነ ስልክም አለ፤ እሱንም በሕግ?

ሄለን
ካሜራውን ገዢው ከመግዛቱ በፊት አንስቶ ያየዋል። አንቴናን እንዴት አድርጎ ያየዋል? ሱቅ ውስጥ ሁሉም ስልክ ዋይፋይ ላይ ነው። አደጋ ላይ ሆኖ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ጥሪው ሲቆረጥበት ደግሞ «የጥራት ጉዳይ ነው» በለው።

ጠጋኙ
በዚያ መግለጫ ላይ ጆብስ የብላክቤሪን፣ የኤችቲሲንና የሳምሰንግን ስልክ እየጨበጠ ሲግናላቸው ሲወርድ ያሳየበትን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? የብላክቤሪው ኩባንያ ሪም ተቆጥቶ «የእኛ ደንበኛ ኔትወርክ ለማግኘት ከቨር አያስፈልገውም» አለ። እኔ ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሁለቱም የለኩትን አላሳዩንም። አንዱ መስመር ሲወርድ አሳየ፣ ሌላው ተናደደ። ዲሲቤል ያወጣ የለም።

ሚሚ
እሺ ዲሲቤሉን እኔ ስልክ ላይ እንዴት ነው የማየው?

ጠጋኙ
አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቺ። ከዚያ የሲም ሁኔታ። «የሲግናል ጥንካሬ» የሚል ታገኛለሽ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ወደ -80 ከቀረበ ደስ ይበልሽ። -115 አካባቢ ከሆነ ጥሪሽ ሊቆረጥ ነው። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ደውይ።

ሚሚ
ጠረጴዛ ላይ -88። በቀኝ እጄ -93። በግራ -101!! ከቨር አለው ደግሞ።

ናሆም
ሚሚዬ፣ ይሄ መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ በየሰከንዱ ይዋልላል። ዞር ስትዪ፣ ሰው ባጠገብሽ ሲያልፍ ይቀያየራል። እንዲህ ያለ ቁጥር ካርቶን ላይ ቢጻፍ ነገ ሁሉም ሰው ከሳሽ ነው።

ጋሽ መላኩ
ለዚያ እኮ ነው ማሚቶ በሌለው ክፍል ውስጥ የሚለካው። አፕል ራሱ እንደዚህ ያሉ 17 ክፍሎች እንዳሉት በዚያው መግለጫ ላይ አሳይቷል፤ 100 ሚሊዮን ዶላር አፍስሰንበታል ብሏል። ከዚያ ክፍል የወጣውን ነው የምጠይቀው። ሁለት ቁጥር፣ ለቀኝና ለግራ እጅ።

ናሆም
ሦስተኛውን ጨምሩበት፣ በከቨር። አብዛኛው ሰው ከቨር ያደርጋል። ያኔ አይፎን 4ም ያልፋል።

ሄለን
ይጨመር። ከቨሩ ግን ከካርቶኑ ውስጥ ይውጣ፤ ለብቻው እንዳይሸጥልን።