መስማት ለተሳናቸው ታዳጊዎች ጤና ሳስተምር ተቸግሬያለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። መስማት የተሳናቸውና በከፊል የሚሰሙ ታዳጊዎችን ስለ ጤና አስተምራለሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የሚሰማ ልጅ ስለ ጤና ብዙ ነገር የሚያውቀው ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ነው። አክስቱ ስለ ስኳር በሽታዋ ስታወራ፣ ትልልቆች ስለ ወር አበባ ሲንሾካሾኩ ጆሮው ጥልቅ ይላል። የእኔ ተማሪዎች ግን ይሄ ሁሉ ያመልጣቸዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የደም ግፊት እንዳለ የማያውቅ አለ። ብልህ ልጆች ናቸው፤ ወሬው ነው የማይደርሳቸው።

"በጽሑፍ ስጫቸው" ይሉኛል። በምልክት ቋንቋ ላደገ ልጅ እኮ የመድኃኒቱ ወረቀት በሁለተኛ ቋንቋው የተጻፈ ነው። የከንፈር ንባብም ቢሆን ብዙ ድምፆች ከንፈር ላይ ስለሚመሳሰሉ አብዛኛው ግምት ነው። (ሐኪሙ ማስክ ካደረገማ አለቀ!)

በጣም የቸገረኝ ይሄ ነው። "ገባችሁ?" ስል ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የተረዱትን መልሰው እንዲያስረዱኝ ስጠይቅ ደግሞ ፈተና ይመስላቸውና ያፍራሉ። በከፊል የሚሰሙት ይብሳሉ፤ ያልሰሙትን እንደሰሙ መምሰል ለምደዋል።

ሐኪም ቤት ደግሞ የምታስተረጉምላቸው እናት ናት። ታዲያ አንዲት ወጣት ስለ ወሲብ ያላትን ጥያቄ በእናቷ በኩል እንዴት ብላ ትጠይቅ?

ሳላሳፍራቸው መረዳታቸውን የማረጋግጥበት ዘዴ አላችሁ? ከሐኪም ጋር ራሳቸው እንዲነጋገሩ ያለማመዳችሁስ? ጭውውት፣ ሥዕል፣ የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ፣ የትኛው ሠራላችሁ?