ሰፈሩ ፈርሷል፤ እድሩስ?

የካዛንቺስ ልጅ፦
በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ስንነሳ ጎረቤቱ ተበታተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፤ እኔና እናቴ ኡራኤል አካባቢ ቤት ተከራየን። እድራችን ግን አልፈረሰም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና እጀታቸው በሽቦ የተጠገነው ትልልቅ ብረት ድስቶች አንድ አባል ግቢ ውስጥ ተከምረዋል። ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑን ለማጓጓዝ የአይሱዙው ሹፌር የጠራው ዋጋ ከሟቹ በላይ የሚያስለቅስ ነበር። ንብረቱን ተካፍለን እንለያይ ወይስ እንቀጥል? የእናንተስ እንዴት ሆነ?

ከአራት ኪሎ የተነሳች፦
እኛ ቀጥለናል። መዋጮው በቴሌብር ይገባል፤ የጡሩንባውን ሥራ ቴሌግራም ወስዶታል። ችግሩ፣ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፍና እቤቱ ይቀመጣል። ድሮ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛ የማይለዩት እነዚያው ሰዎች ናቸው! ድንኳን መትከሉን ትተን ገንዘቡ በዕለቱ ለቤተሰቡ እንዲደርስ ደንቡን አሻሽለናል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ከመካፈላችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቡ። ጠቅላላ ጉባኤ ሳይወስን አንድ ወንበር እንኳ ከነካችሁ ጠቡ ፍርድ ቤት ያደርሳችኋል። ደግሞስ ዕድሜ ልካቸውን የከፈሉትን አሮጊቶች የትኛው አዲስ እድር ይቀበላቸዋል? የመግቢያውን ክፍያ ጠይቃችኋል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
አመሰግናለሁ አባባ። ደንቡን ከጸሐፊው እወስዳለሁ። እናቴን ስለ መካፈሉ ባነሳባት «ድስቶቹን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ» ብላኛለች።