የ11 ወር ልጄ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ኦ.አር.ኤስ. አልረጋለት አለ

የሐይቅ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ትናንት ማታ ማስመለስ ጀመረው፤ ሌሊቱን ደግሞ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ተከተለ። ትንሽ ትኩሳትም አለው። ኦ.አር.ኤስ. በጥብጬ ባጠጣው ወዲያው ያወጣዋል። አማቴ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ብለው የሚያወጣ ሰው ሊያስጠሩ ነው። ጎረቤት «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይላል። የተቅማጥ መከላከያውን የሮታ ክትባት ሁለቱንም ጊዜ ወስዷል፤ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ኩታበር፦ አብሽሪ እህቴ። ብርጭቆውን አፉ ላይ አትድፊበት። በሻይ ማንኪያ አንዴ፣ ትንሽ ቆይተሽ ሌላ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፣ ከበፊቱም ቀስ ብለሽ። እጅ ያዝላል፣ ግን ይረጋለታል። ጡቱን እንዳታቋርጪበት።

አባት ከኮምቦልቻ፦ እኛ ከፋርማሲ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ገዝተን ሰጠነውና ተሻለው። ለምን አትሞክሪውም?

ነርስ፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ ሽሮፑን ተወው። ትውከትና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ አብረው ሲመጡ በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፦ ሮታ፣ ኖሮ፣ አዴኖ ወይም አስትሮ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ኖሮ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ሮታ ደግሞ ከ3 እስከ 8 ቀን ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ልጁን የሚጎዳው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ሥራችንም እሱን መተካት ነው። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒንም ለሕፃን አይሰጥም።

እህቴ፣ የሮታ ክትባት አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ ይሰጣል። የተከተበ ልጅም ሊታመም ይችላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ይቀልለታል። ለኖሮና ለሌሎቹ አያገለግልም።

ኦ.አር.ኤሱን ስትበጠብጪ አንዱ ፓኬት በሙሉ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ካለሽ ሁለቴ ለኪ። ብዙ ሰው በአንድ ብርጭቆ ይበጠብጠዋል፤ ያ በጣም ጨዋማ ስለሚሆን ይጎዳል። ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ስጪው። 24 ሰዓት ካለፈው ድፊውና አዲስ በጥብጪ።

ግግ የሚሉት ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ባልጸዳ ስለት ሲወጣ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ቴታነስም ሊያመጣ ይችላል። ተቅማጡን አያቆመውም። ከእማማ ጋር ግን አትጋጪ፤ «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እናሳየው» በያቸው።

አሁን የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ልቀቂው። ቶሎ ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባው ከደረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ አትጠብቂ፤ መንገድ ላይም በማንኪያ እያጠጣሽ ውሰጂው። ደህና ቢሆንም ዚንክ ያስፈልገዋል፤ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኬላ ታገኛለሽ። ለእሱ ዕድሜ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን፣ በማንኪያ ውሃ ሟሙቶ፣ ለ10 ቀን።

ከወልዲያ፦ የነርሷ ላይ ልጨምር። ለስላሳ መጠጥ እንዳትሰጪው፤ ስኳሩ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሳኒታይዘር ላይ አትመኪ፣ ኖሮን በደንብ አይገድለውም። እኛ ቤት ከሕፃኑ ተነስቶ አያቱን ሳይቀር አስተኝቷል!

የሐይቅ እናት፦ አላህ ይስጥልኝ። በማንኪያው ረጋለት፣ አሁን ሸንቷል። ቆዳውም ቶሎ ይመለሳል። አማቴም ጤና ጣቢያ አብረውኝ ሄዱ፣ ዚንክ ሰጡን። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን ላቁመው?

ነርስ፣ ደሴ፦ የለም፣ ቢቆምም 10 ቀኑን ይጨርስ። ምግቡንም አትቀንሺበት። ሲያገግም ለሁለት ሳምንት በቀን ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምረሽ አብዪው።