የክረምት ቲማቲም በላስቲክ ቤት፦ የመቂ አትክልት አምራቾች የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ። አራት ላስቲክ ቤት፣ እያንዳንዱ 8 በ30 ሜትር። ሁለቱ ለቲማቲም፣ አንዱ ለቃሪያ፣ አንዱ ለእንጆሪ። የጎደለውን ሙሉ፣ የበዛውን ቀንሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ አራት በዛ። እንጆሪውን ደግሞ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሙቀቱ ይጨርሰዋል፤ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና የለን። በሁለት እንጀምር።

አባል፣ ከሐይቁ ዳር፦ እኔም ሁለት እላለሁ። ግን መጀመሪያ ስለ ላስቲኩ እናውራ። ርካሹን ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። በጥቅምት ወጠርኩት፣ በግንቦት እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰባበር ጀመር። ሻጩ «ፀሐይ ይችላል» ብሎኝ ነበር፤ ጥቅልሉ ላይ ግን አንዲት ጽሑፍ የለችም። ረቂቁ ላይ «ውፍረቱ 200 ማይክሮን፣ ዩቪ (የፀሐይ ጨረር መከላከያ) ያለው» ተብሎ ይጻፍ። በደንብ ከተያዘ 3 ዓመት ይሄዳል። አጣናውም ላስቲኩን የሚነካበት ሁሉ ይላግ። የኔን መጀመሪያ የቀደደው አንድ ጉጥ ነው።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ የመቂን ነፋስ ረሳችሁት? ቤቱ ጎኑን ለነፋስ ከሰጠ ላስቲኩን ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የምንለቅመው። ጫፉ ቦይ ውስጥ ይቀበር። የአጣናው ሥር ደግሞ ከምስጥ ይጠበቅ።

ወጣት አባል፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ግን አራቱንም ጎን ከቀበርነው ቀትር ላይ ምድጃ ይሆናል። ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አበባው ይረግፋል። ሁለቱ ረጅም ጎኖች ወደ ላይ የሚጠቀለሉ ይሁኑ፤ የሚቀበረው ጫፍና ጫፉ ብቻ። በተጠቀለለው በኩል ቱታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ እንዳይገባ መረብ እንዘርጋ። በጣም ጥቅጥቅ ያለው መረብ ግን አየርም ይከለክላል፣ አስቡበት።

እትዬ፣ ከገበያ ኮሚቴ፦ ጎበዝ። እኔ የማውቀው ገበያውን ነው። በክረምት ሜዳ ላይ ያለውን ቲማቲም ዝናቡ የሚያመጣው በሽታ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ያኔ ደላላው ራሱ ደጃችን ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ዘሩ ሚያዝያ መጨረሻ ይፍላ፣ ችግኙ ሰኔ መጀመሪያ ይተከል። አጭሩን የሜዳ ዝርያ እንዳታመጡብኝ። በሲባጎ ተስቦ ወደ ላይ የሚያድገው ይሁን፤ ለመስቀልም እየለቀምን እንሸጣለን። አንዱ ቤት 600 ግንድ ከያዘ፣ ከግንዱ 4 ኪሎ ብቻ ብንቆጥር 24 ኩንታል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 4 ኪሎው ይሁን፣ ከዚያ በላይ ዕቅድ ላይ አንጻፍ። ከመጣ እሰየው።

ወጣት አባል፦ ቃሪያውን ግን እናውጣው። ከቲማቲም ጋር ዘመድ ስለሆነ በሽታ ይጋራሉ። ቲማቲሙ ሲነሳ ፎሶሊያ ይግባ። ዝናብ የማያጥበው አፈር ጨው ስለሚይዝ የጉድጓዱ ውሃ ቀድሞ ይመርመር።

ጸሐፊ፦ አስተካክያለሁ። ሁለት ቤት፣ ሁለቱም ቲማቲም፣ ከዚያ ፎሶሊያ። ላስቲኩ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይምጣ፣ ጉልበቱ ከአባላት። ጋሼ፣ አጣናውን የሚመርጡልን እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ጠዋት በመኪና እወስድዎታለሁ።

አንጋፋ አባል፦ መላጊያውንም ያዝ።