ጎጣችን ውስጥ ሕፃናት ሽፍታ ወጣባቸው፤ ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ?

ጥያቄ (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ)
ከጤና ኬላው ርቃ በምትገኝ ጎጥ ሦስት ሕፃናት ትኩሳትና ሽፍታ ይዟቸዋል፤ ዐይናቸው ቀልቷል፣ ያስላቸዋል። ሁለቱ የክትባት ካርድ የላቸውም። እናቶቹ «ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከቤት አይወጣም፣ መርፌም አይነካውም» ብለው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝተዋቸዋል። የደም ምርመራ ውጤት ሳይመጣ ሪፖርት አድርጌ ሕዝቡን እንዳላሸብር ሰጋሁ።

መልስ (የወረዳ የበሽታዎች ቅኝት ባለሙያ)
እኅቴ፣ አትጠብቂ። ኩፍኝ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ስለሆነ ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል። መመሪያው በ30 ደቂቃ ውስጥ አሳውቁ ነው የሚለው፤ አሁኑኑ ለጤና ጣቢያው ደውዪ። ከዚያ የየልጁን ዕድሜ፣ የክትባት ሁኔታና በተለይ ሽፍታው የወጣበትን ቀን መዝግቢ። ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ያስተላልፋልና፣ በእነዚያ ቀናት ወደ ለቅሶ ወይም ገበያ ወስደውት ከነበረ እዚያም ታማሚ ፈልጊ።

መልስ (ነርስ)
ቫይታሚን ኤ ዛሬና ነገ ይሰጣቸው፦ ከ6 ወር በታች 50 ሺህ፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100 ሺህ፣ ከዚያ በላይ 200 ሺህ ዩኒት። እንክብሉ ጫፉ ተቆርጦ አፍ ውስጥ የሚጨመቅ ጠብታ ነው፤ መርፌ አለመሆኑን እናቶቹ በዐይናቸው ሲያዩ በር ይከፍቱልሻል። ትንፋሹ የሚፈጥን፣ መጥባት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የዐይኑ ብሌን የደፈረሰ ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መልስ (ጡረታ የወጡ የክትባት አስተባባሪ)
ልጄ፣ እኔን የሚያሳስቡኝ ካርድ የሌላቸው ሁለቱ ናቸው። ስንት እናት 9 ወር የሞላውን ልጇን ለኩፍኝ ክትባት አዝላ መጥታ «ባለ10 ዶዝ ብልቃጥ ለአንድ ልጅ አይከፈትም፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ተመልሳለች! ክትባቱ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሚጣል ብክነት ይፈራል። ዘጠኙ ዶዝ ይጣል እንጂ ልጁ ሳይከተብ አይመለስ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣች እናት ዳግመኛ አትመጣም። ሁለተኛው ዶዝም በ15 ወር አለ፤ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ያደጉት ታላላቆች አንድ ጊዜ ብቻ የተከተቡ ይሆናሉ።

ጠያቂዋ
ደውያለሁ፤ ነገ ቡድን ይመጣል። ከታመሙት የአንዱ ጎረቤት የ7 ወር ሕፃን አለች፤ እርሷስ?

መልስ (የወረዳ የበሽታዎች ቅኝት ባለሙያ)
በወረርሽኝ ጊዜ ከ6 ወር ጀምሮ ይከተባል። ያ ዶዝ ግን ከመደበኛው አይቆጠርም፤ በ9 ወሯ እንደገና እንደምትከተብ ለእናትየው ንገሪያት፣ ካርዷ ላይም ጻፊው።