የአምስተኛ ክፍል ልጆች አሳማኝ ደብዳቤ እንዲጽፉ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አሁን አሳማኝ ደብዳቤ ላይ ደርሰናል። ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት ጉዳይ ወደ ሐይቅ ከተማ ለጉብኝት መሄድ ነው፤ የሚጽፉትም ለርእሰ መምህራችን ነው። ቀን፣ ለ፣ ጉዳዩ፣ ከሰላምታ ጋር የሚለውን ሁሉም ያውቁታል። መሃሉ ግን ባዶ ነው። አንዱ የጻፈውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

«ክቡር ርእሰ መምህር፣ ሐይቅ ውሰዱን። ምክንያቱም ሐይቅ በጣም ደስ ይላል። እባክዎን ይውሰዱን። እባክዎን እሺ ይበሉን።»

የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልመና እንጂ ማሳመን አልሆነም። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ኮምቦልቻ

የኔ ልጅ፣ ደብተሩን ለጊዜው አስቀምጪው። መጀመሪያ በአፋቸው ይከራከሩ። የወሎ ልጅ ሽምግልና ሳያይ አያድግም። ሽማግሌ «እባክህ» ብቻ ብሎ አይነሳም። ሰውየው ለምን እምቢ እንዳለ ይሰማል፣ የከበደውን ነገር ያቃልልለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚለምነው።

ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጊ። አንዱ ልጅ ርእሰ መምህር ይሁን። ሥራው እምቢ ማለት ነው፤ ግን በምክንያት። «ገንዘብ የለም» ይበል። «ውኃ ዳር ነው፣ አንዳችሁ ብትገቡስ?» ይበል። «ትምህርት ይቀራል» ይበል። ሌሎቹ ተራ በተራ እየመጡ ይመልሱለት። አንቺ የተባለውን ሰሌዳው ላይ ጻፊው፤ እምቢታውን በግራ፣ መልሱን በቀኝ። የደብዳቤው መሃል እዚያው ሰሌዳ ላይ ወጣልሽ ማለት ነው።

መልስ፦ የአራተኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ጥያቄውን ቀይሪው የሚል ነው። ልጆች «ለምን ፈለጋችሁ?» ሲባሉ የሚያወሩት ስለራሳቸው ደስታ ነው። «እሳቸውን ምን ያሳስባቸዋል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ሐይቅ ደስ ይላል» የልጁ ምክንያት ነው። «በክፍል የተማርነውን በዓይናችን እናያለን» ግን የርእሰ መምህሩ ምክንያት ይሆናል።

ከዚያ መረጃ ያሰባስቡ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ተሄዶ ማታ ይመለሳል። ይህ ራሱ ጥሩ ነጥብ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያ አለ። ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ ግን አስታውሺ። ርእሰ መምህሩ «ሴቶቹስ የት ይቆያሉ?» ማለታቸው አይቀርም። ልጆቹ ቀድመው «ጉብኝታችን ሐይቁ ዳር ይሁንልን» ብለው ቢጽፉ ጥያቄው ሳይነሳ ተመለሰ። የመኪናውን ዋጋ ደግሞ አንድ ወላጅ መናኸሪያ ጠይቆ ይንገራቸው።

መልስ፦ ርእሰ መምህርት፣ ደሴ

እኔ ደብዳቤ ተቀባይ ስለሆንኩ ከዚህኛው ወንበር ሆኜ ልናገር። «ውሰዱን» የሚል ወረቀት ሲደርሰኝ ምን እንዳደርግ አላውቅም። «ቅዳሜ ቢሆን ትምህርት አይቀርብንም፤ ከወመህ (ከወላጅ መምህር ኅብረት) ሁለት ወላጆች አብረውን ቢሄዱ ውኃ ዳር የሚጠብቀን አለ» የሚል ሲደርሰኝ ግን እስክሪብቶዬን አነሳለሁ። ምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በስንት። ይህን ካልያዘ ደብዳቤው ገና ነው።

ሌላው፣ እባካችሁ እውነት ይጻፉ። «ሁሉም ተማሪ ይፈልጋል» ከማለታቸው በፊት እጅ አስወጥተው ይቁጠሩ። ልጅ በውሸት ማሳመን ከለመደ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ርእሰ መምህራችሁንም ከአሁኑ አናግሪያቸው። እሺም ይበሉ እምቢ፣ በጽሑፍ ይመልሱ። መልሱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ቢነበብ በጣም ጥሩ ነው። መልስ የማይመጣለት ልጅ ሁለተኛ የሚጽፈው ለማርክ ብቻ ነው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ኮምቦልቻ

መምህር አይደለሁም፣ ግን ቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ድመት ፈለገች። እምቢ አልኳት። አለቀሰች፣ እምቢ አልኩ። በኋላ ከደብተሯ ቅዳጅ ወረቀት ላይ ጽፋ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ፦ «እማዬ፣ ድመት ካለን አይጥ ጤፉን አይበላብሽም። የምትበላውን ከራሴ ምሳ እሰጣታለሁ።»

ስለ ጤፉ ስብሰለሰል ሰምታኛለች ማለት ነው። ወላሂ፣ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። እኔም በጽሑፍ መለስኩላት፤ አልጋ ላይ እንዳትወጣ የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨምሬ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። መምህርት፣ ለርእሰ መምህር ከመጻፋቸው በፊት ለእናት ለአባታቸው ይሞክሩት። ቤት ያለውን ሰው ጠባይ ያውቁታል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ከ60 በላይ ደብዳቤ እንዴት ላርም? ደግሞ «ውሰዱን» እና «ይውሰዱን» አንድ ላይ ይደባለቅባቸዋል።

መልስ፦ የአራተኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

የመጀመሪያውን አታርሚ። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ይለዋወጡ። አንባቢው ራሱን ርእሰ መምህር አድርጎ ከታች አንድ «አይሆንም፣ ምክንያቱም…» ይጻፍ። ጸሐፊው ያንን መልሶ እንደገና ይጻፍ። አንቺ የምታርሚው ሁለተኛውን ነው፤ እሱንም ምክንያቱን ብቻ አይተሽ። የአክብሮት አጠራሩን ለሌላ ክፍለ ጊዜ ተይው፤ ከራሳቸው ደብዳቤ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ አውጥታችሁ አብራችሁ አስተካክሉ። ሁሉንም በአንዴ በቀይ ካቀለምሽው ማንም አያነበውም።

ጠያቂዋ፦

እሺ፣ ነገ በወንበሩ እጀምራለሁ። ርእሰ መምህር ሆኖ የሚቀመጠውን እኔ ልምረጥ ወይስ እነሱ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ኮምቦልቻ

አንቺ ምረጪ። ሐይቅ ለመሄድ ከሁሉ በላይ የጓጓውን አስቀምጪው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ዝምተኛዋን አስቀምጪ፤ ክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት ልጅ እምቢ የማለት ሥልጣን ሲሰጣት ታይዋለሽ። እያንዳንዳቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ሌሎቹ ይሰለቻሉ።